ያ ሰው አልወደቀም ነበር፦ ስለ አንቶኒዮ ኢኖኪ የተደረገ ንግግር

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ኢትዮጵያውያን በየወሩ ቅዳሜ ምሽት በምንገናኝበት ስብሰባ ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ስለሆነ አነጋገሩ ብዙም አልተለወጠም።)

ክቡራን አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ? በረታችሁ ወይ?

«እግዚአብሔር ይመስገን» ስትሉ ሰማሁ። ይመስገን። «በረታችሁ ወይ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ፤ እስከዚያ በአደራ ያዙልኝ።

ባለፈው ወር እዚህ ቦታ ቆመው የነበሩት አባት ያስተማሩን ቅኔ ነበር። ከቅኔ ወደ ትግል መምጣቱ ለአንዳንዶቻችሁ ሳይከብድ አይቀርም። አዘጋጆቹም ርዕሴን ስነግራቸው «የጃፓን ሬስሊንግ? እርግጠኛ ነህ?» ብለውኝ ነበር። እርግጠኛ ነኝ። ይህን ሰው፣ ጃፓናዊውን ታጋይ አንቶኒዮ ኢኖኪን፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ለቀረበ ጊዜ በልቤ ይዤው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን በሰው ፊት ልናገርለት እመኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ደሴ፣ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። 1968 ዓ.ም. አልቆ 1969 ገብቷል። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ እናቴ ፀጉሬን እንድላጭ ሃምሳ ሳንቲም ሰጥታ ልካኛለች። ፀጉር አስተካካዩ በመስተዋቱ ጥግ ላይ ከውጭ አገር መጽሔት የተቀደደ ፎቶግራፍ ለጥፏል። ጫፎቹ በእንፋሎት ተጠቅልለዋል። በፎቶግራፉ ላይ መሐመድ አሊ ቆሟል። ከአሊ እግር ሥር ደግሞ ጥቁር ቁምጣ የለበሰ፣ አገጩ ወደ ፊት የወጣ አንድ ሰው በጀርባው ተንጋልሎ እግሮቹን ወደ ላይ አንሥቷል። «ጋሼ፣ አሊ ጣለው?» አልኩ። «አሊ የማይጥለው ሰው አለ እንዴ፣ ልጄ?» አለኝ፤ መቀሱን እንኳ አላቆመም።

ብዙ ዓመት እንደዚያ አምኜ ኖርኩ። አሊ አንድ ጃፓናዊ ጣለ፤ አለቀ። እውነቱን ያወቅሁት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ፣ ሌሊት በሥራ ላይ ሳነብ ነው። ያ ሰው አልወደቀም ነበር። አሊም አልጣለውም። በራሱ ፈቃድ ነው የተጋደመው፤ 15 ዙር ሙሉ!

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ይህ ሰው ከየት እንደመጣ። ሁለተኛ፣ በዚያ ቀን ለምን እንደተጋደመ። ሦስተኛ፣ ከተጋደመበት ተነሥቶ የት የት እንደሄደ። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ሰውየው የኖረው በዚያ ነውና።

ወደ አንደኛው ልግባ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ካንጂ ኢኖኪ ነው። የተወለደው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1943፣ ዮኮሃማ ከተማ ነው። ጦርነቱ በተጋጋለበት ሰዓት ማለት ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከተማዋ በቦምብ ነደደች። አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። ቤቱ በልጆች የተሞላ ነው፤ እሱ ከታናናሾቹ አንዱ ነው። 1957 ላይ፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው፣ እናቱ፣ አያቱና ወንድሞቹ እህቶቹ በመርከብ ተሳፍረው ወደ ብራዚል ተሰደዱ።

ጃፓኖች ብራዚል ምን ይሠራሉ ትሉ ይሆናል። ከ1908 ጀምሮ በሳን ፓውሎ ግዛት የቡና እርሻዎች ለመሥራት በመርከብ ሲጫኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አያታቸው እዚያ ማዶ ሌላ ሕይወት አለ ብለው ቤተሰቡን አሰባስበው ነበር። ግን ብራዚልን አላዩም። መንገድ ላይ፣ ከመርከቧ ሳይወርዱ አረፉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። በእኛ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. እኔም ከመተማ ወደ ገዳሪፍ በእግሬ ስሻገር ከእኛ ጋር አንዲት አሮጊት ነበሩ። ማታ ማታ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ያድሉን ነበር። ለእኔ ለታናሹ ጨመር ያደርጉልኛል። በአራተኛው ሌሊት አረፉ። ከአንድ የግራር ዛፍ ሥር ቀበርናቸው። ቋጠሮውን ስንፈታው የቀረው ሁለት እፍኝ የማይሞላ ነበር፤ ማንም ሊበላው አልቻለም። አሁን ያን ግራር አግኝ ብትሉኝ አላገኘውም። ስለዚህ ይህ የጃፓን ልጅ አያቱን ባሕር ላይ ቀብሮ ወደማያውቀው አገር ሲወርድ ምን እንደተሰማው ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። በዚህ አዳራሽ ውስጥም ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እርሻው ላይ ሥራው ቡና መልቀም ነበር። ቡና! ከእኛ አገር የወጣ ተክል፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በጃፓናዊ ልጅ እጅ ይለቀማል። እናንተ ደግሞ አለቃቀሙን ታውቃላችሁ፤ የእኛ እናቶች ቀይ ቀዩን እየመረጡ ነው የሚለቅሙት። እዚያ ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በእጅ እንደ ማለብ ነው። የልጁ መዳፍ ተላጠ፤ ደማ፤ በኋላም ጠነከረ። ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ሠርቶ፣ በተረፈችው ጊዜ ዲስክና አሎሎ ይወረውር ጀመር። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ90 ደረሰ። በውርወራ ስሙ በብራዚል ታወቀ።

1960 ላይ አንድ እንግዳ ከጃፓን መጣ፤ ሪኪዶዛን ይባላል። ልጆች፣ ይህን ስም ያዙ። በዚያን ጊዜ በጃፓን ከእሱ የሚበልጥ ስመ ጥር ስፖርተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጃፓን ጦርነቱን ተሸንፋ አንገቷን በደፋችበት ጊዜ፣ ፌብሩዋሪ 1954፣ ከአሜሪካ የመጡ ግዙፍ ወንድማማቾችን በቴሌቪዥን ፊት ታገለ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበርና አደባባይ ላይ በተተከሉ ስክሪኖች ሥር ሕዝቡ ግጥም ብሎ ቆሞ ተመለከተው። የጃፓን ጀግና ሆነ። ይህ የጃፓን ጀግና ግን ጃፓናዊ አልነበረም። ኪም ሲን ራክ የሚባል የኮሪያ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በሆነው ምድር የተወለደ። የኖረው ግን ትውልዱን ደብቆ ነው። ይህን አትርሱ፤ በሦስተኛው ነገር ላይ እንፈልገዋለን።

ሪኪዶዛን የአሥራ ሰባት ዓመቱን ካንጂን ይዞት ወደ ጃፓን ተመለሰ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1960 የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ፤ ተሸነፈ። በዚያው ቀን ሌላም ጀማሪ ነበር፤ ሾሄይ ባባ፣ በኋላ ጃየንት ባባ የተባለው። የቀድሞ የቤዝቦል ተጫዋች፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ9 ሳንቲ ሜትር። ባባ የመጀመሪያ ግጥሚያውን አሸነፈ። በጀማሪነታቸው ዘመን ሁለቱ ደጋግመው ተገናኝተው ኢኖኪ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈውም። ሪኪዶዛን ባባን እንደ ሠለጠነ ሰው ያዘው፤ ኢኖኪን ግን እንደ ሎሌ። ጫማ ያስይዘዋል፤ ያስጠብቀዋል፤ ይመታዋል።

እኔም ፊደል የቆጠርኩት በየኔታ አለንጋ ሥር ነው፤ አንዳንዶቻችሁ «ያ አለንጋ ነው ሰው ያደረገን» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ እንደዚያ አልልም። ኢኖኪ ሲያረጅም ስለ መምህሩ ሲናገር ፍቅሩም ቁስሉም አብረው ይወጡ ነበር። ሰው ያደረገው ዱላው ሳይሆን ከዱላው በኋላ ተነሥቶ ልምምዱን መቀጠሉ ይመስለኛል። ይህን የምለው ከኋላ ለተቀመጡት ልጆችና ለአባቶቻቸው ነው።

ዲሴምበር 1963 ሪኪዶዛን ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ በጩቤ ተወጋ፤ ከሳምንት በኋላ ሞተ። ኢኖኪ በሃያ ዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ አባት አጣ። በዚህ ጊዜ ስሙ አንቶኒዮ ኢኖኪ ሆኗል። ወደ አሜሪካ ወጣ፤ በየከተማው እየዞረ ታገለ፤ ተመለሰ። 1966 ላይ ከሌሎች ጋር አዲስ ድርጅት መሠረቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ወደ ቀድሞው ድርጅት ተመለሰ፤ በ1971 መጨረሻ «አመራሩን ሊገለብጥ አሢሯል» ተብሎ ተባረረ። ጃንዋሪ 1972 የራሱን ድርጅት፣ ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግን አቋቋመ። ባባም በዚያው ዓመት የራሱን ከፈተ። ሁለቱ የአንድ ቀን ጀማሪዎች ከዚያ በኋላ ለዓመታት የጃፓንን ትግል ለሁለት ተካፍለው ኖሩ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኒው ጃፓን የመጀመሪያውን ዝግጅት ያደረገው ማርች 6 ቀን 1972 ነው። ዋናው ግጥሚያ ኢኖኪ ከካርል ጎች ነው። ማን ያሸነፈ ይመስላችኋል? ጎች! ሱቁን በከፈተበት ዕለት ባለ ሱቁ ተሸነፈ። ለምን? ልጆቻችን እንደሚያውቁት በሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ የተስማሙበት ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ቲያትር ተዋናዩ እንደማይሞት እያወቅን እናለቅስበት የለም? ስለዚህ መሸነፉን የመረጠው እሱ ራሱ ነው። ተመልካቹ «ይህ ሰው ገና ሊደርስበት የሚፈልገው ቦታ አለ» ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት እንዲመለስ ነው። የግጥሚያ አዘጋጅነት፣ ፕሮሞተርነት የሚሉት፣ ይህ ነው፤ ከራስ ክብር በላይ የሕዝቡን ጉጉት ማየት።

እንግዲህ ሁለተኛው ነገር፣ የፎቶግራፉ ቀን።

1975 ላይ መሐመድ አሊ ለአንድ የጃፓን ስፖርት ባለሥልጣን፣ «ከምሥራቅ እኔን የሚገጥም የለም ወይ? ላሸነፈኝ አንድ ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ» የሚል ነገር ጣል አደረገ። አሊን ታውቁታላችሁ፤ አፉ ዝም አይልም። ቃሉ ጃፓን ጋዜጦች ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ኢኖኪ ግን አልሣቀም። «እኔ አለሁ» አለ። ገንዘብ አሰባሰበ፤ ጠበቃ ላከ፤ ለአሊ 6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሊከፍል ተስማማ። ድርጅቱ ያን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። ሙሉ ቤቱን አስይዞ የሚበደር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

ጁን 26 ቀን 1976፣ በእኛ ሰኔ 19 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ፣ ቡዶካን አዳራሽ። ይህ አዳራሽ የተሠራው ለ1964ቱ ኦሊምፒክ የጁዶ ውድድር ነው፤ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ላሸነፈበት ለዚያው ኦሊምፒክ! በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ብቻ ከ32,000 በላይ ሰው ከፍሎ ገብቶ በስክሪን ተመልክቷል።

ይህኛው ግጥሚያ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ታሪኩን ያጠኑት አብዛኞቹ ውጤቱ ያልተስማሙበት እውነተኛ ፍልሚያ እንደነበር ይናገራሉ። እንደሚተረከው የአሊ ወገን በመጨረሻዎቹ ቀናት ሕጉን አጠበቀው፤ ቆመህ በእርግጫ አትምታ፣ ካልክም አንደኛው ጉልበትህ መሬት ይንካ፤ አንሥተህ አትጣል። እስቲ አስቡት! የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ፊትህ ቆሟል፤ በቡጢው አንድ ጊዜ ካገኘህ አለቀልህ። እጅህን አስረውብሃል፤ እግርህንም ሊያስሩት ነው። ምን ይቀርሃል?

ደወሉ ሲመታ ኢኖኪ ሮጦ መጥቶ መሬት ላይ ተንሸራተተ። በጀርባው ተንጋልሎ የአሊን እግር በእርግጫ ይመታ ጀመር። አሊ ቆሞ «ተነሥ! ተነሥና ተዋጋ!» እያለ ይጮኻል። ኢኖኪ አይነሣም። ሁለተኛ ዙር፣ እንደዚያው። አምስተኛ ዙር፣ እንደዚያው። አሥረኛ ዙር፣ እንደዚያው። የአሊ ግራ እግር ከጉልበቱ ጀርባ ያብጥ፣ ይቀላ ጀመር። በመካከል የአሊ አሠልጣኝ አንጀሎ ዳንዲ ግጥሚያውን አስቁሞ የኢኖኪ ጫማ በፕላስተር እንዲጠቀለል አስደረገ፤ የማሰሪያው ብረት ቀለበት የአሊን ቆዳ እየቆረጠ ነበርና። አሊ በ15 ዙር የሰነዘራቸው ቡጢዎች በሁለት እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዳኞቹ ነጥባቸውን ደመሩ፤ አንዱ ለአሊ፣ አንዱ ለኢኖኪ፣ የመሐል ዳኛው ጂን ለቤል ደግሞ እኩል ሰጠ። አቻ ወጡ።

ሕዝቡ ሪንጉ ላይ ቆሻሻ ወረወረ፤ «ገንዘባችንን መልሱ» አለ። ጋዜጦች አላገጡ። ጃፓንም አሜሪካም የዓመቱ ውርደት ብለው ጻፉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ባለ ዕዳውም፣ ሐሜተኛውም፣ ጠላቱም ኢኖኪ ላይ ተረባረበ። አሊ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተመልሶ እግሩ ውስጥ ደም ረግቶበት ሆስፒታል ገባ።

ያኔ ያላዩትን ዓመታት ገልጠው አሳዩ። ዛሬ ልጆቻችን በቴሌቪዥን የሚያዩት ድብልቅ ፍልሚያ፣ ቦክሰኛው ከታጋዩ፣ ጁዶኛው ከካራቴኛው የሚገጥምበት፣ ሲመጣ ሰዎች ወደ ኋላ ዞረው ያን ቀን መረመሩት። ያ መሬት ላይ የተጋደመ ሰው አልፈራም ነበር ተባለ። በተሰጠው ጠባብ ሕግ ውስጥ ሊያደርገው የሚችለውን ብቸኛ ነገር አደረገ። እኔ ስለዚህ ነገር ስናገር ድምፄ ይለወጣል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። እዚህ አገር የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆኜ ሥራ ስጀምር የስፖርት መምህርነት ዲፕሎማዬን ማንም አላየልኝም፤ የምድር ቤት ዳስ ውስጥ ሌሊቱን ተቀምጬ አድር ነበር። ዘመዶቼ «ወደቀ» ይሉኝ እንደነበር ሰምቻለሁ። አልወደቅሁም ነበር። ልጆቼን ያስተማርኩት ከዚያ ዳስ ነው።

ከአሊ ጋር ስለነበረው ነገር ግን አልጨረስኩም። ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ። በ1974 ኪንሻሳ ላይ፣ አሊ ፎርማንን በገጠመበት ቀን፣ የዛየር ሕዝብ «አሊ ቦማዬ»፣ አሊ ግደለው፣ እያለ ይጮኽ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አሊ በዚያ ጩኸት ላይ የተሠራውን ሙዚቃ ለኢኖኪ ሰጠው። ጃፓኖች ከዚያ በኋላ ኢኖኪ ወደ ሪንግ ሲወጣ ለሃያ ዓመት «ኢኖኪ ቦምባዬ» ሲሉ ኖሩ። የሊንጋላ ቋንቋ ቃል በቶኪዮ አዳራሾች! ኤፕሪል 4 ቀን 1998 ኢኖኪ በቶኪዮ ዶም የመጨረሻ ግጥሚያውን አድርጎ ጫማውን ሲሰቅል ሰባ ሺህ ያህል ሰው ነበር። አሊም ነበር፤ በፓርኪንሰን ሕመም እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ።

ይህን ሰው የምወደው በዚህ ነው። ገጥሞት ጠላት ሆኖ የቀረ ሰው ጥቂት ነው። በ1976 መጨረሻ ካራቺ ሄዶ ከአክራም ፓሕልዋን ጋር ታገለ። አክራም ክንዱ ሲጠመዘዝ እጁን አልሰጥም አለ፤ ክንዱ ተሰበረ። ፓኪስታን አዘነች። ከሦስት ዓመት በኋላ የዚያው ቤተሰብ ወጣት ጃራ ላሆር ላይ ገጠመው፤ አቻ ወጡ፤ ኢኖኪ የወጣቱን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሣ። ዓመታት አለፉ፤ ጃራ ሞተ፤ ኢኖኪ የዚያን ቤተሰብ ልጅ ጃፓን ወስዶ አሠለጠነው። ክንድ በሰበረበት ቤት ዘመድ ሆነ።

ሦስተኛው ነገር፣ ተነሥቶ የት ሄደ?

በመጀመሪያ ወደ ዕዳ ነው የሄደው፤ ይህን በሐቅ ልንገራችሁ። ያደገበትን ብራዚልን ሊረዳ ብሎ የሸንኮራ አገዳ ገለባን ወደ መኖና ማዳበሪያ የሚለውጥ ኩባንያ አቋቋመ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ገንዘቡ ግን ከትግል ድርጅቱ ካዝና ይወጣ ነበር። ታጋዮቹ ላባቸው ወደማያውቁት እርሻ ሲፈስ አዩ። 1983 ላይ አመፁ፤ ለጊዜው ከፕሬዚዳንትነት ወረደ። በኋላም፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ የራሱን ታጋዮች ለእውነተኛ ፍልሚያ ሳያዘጋጅ ወደዚያ ላካቸው። ዩጂ ናጋታ የሚባለው ታላቅ ታጋይ በ2001 የዓመቱ ማብቂያ ቀን በ21 ሰከንድ ወደቀ፤ በ2003 በ62 ሰከንድ። ኢኖኪን ብወደውም ይህን ይቅር አልልለትም። እሱ ሲጋደም በራሱ ምርጫ ነበር፤ ናጋታን ግን እሱ ነው የላከው።

1989 ላይ የስፖርትና የሰላም ፓርቲ ብሎ አቋቁሞ ለጃፓን የላይኛው ምክር ቤት ተመረጠ። ከዚያ በፊት ፓርላማ የገባ ፕሮፌሽናል ታጋይ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ንግግር በሚያደርግበት አዳራሽ አንድ ሰው በስለት አንገቱን ወጋው፤ ተረፈ።

ኦገስት 1990 ሳዳም ሁሴን ኩዌትን ወረረ። ኢራቅ ውስጥ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች «እንግዶች» ተባሉ፤ እንግዳ ግን ወጥቶ መሄድ ይችላል። እነዚህ ታግተው ነው። ከነሱ መካከል ጃፓኖች ነበሩ። የጃፓን መንግሥት ኢኖኪን «አትሂድ» አለው። ሄደ። ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ የታጋቾቹን ቤተሰቦች፣ ሚስቶቻቸውን ጭምር፣ ይዞ ሄደ። ዲሴምበር 2 እና 3 ቀን ባግዳድ ላይ የሰላም ዝግጅት አደረገ፤ ትግል፣ ሙዚቃ። ጦርነት ሊፈነዳ ሳምንታት በቀሩት ከተማ! ዝግጅቱ ባለቀ በቀናት ውስጥ ጃፓኖቹ ተለቀቁ። ልብ በሉ፤ ሳዳም ዲሴምበር 6 ቀን የቀሩትን የሌሎች አገሮች ታጋቾች ሁሉ እንደሚለቅ አስታውቋል፤ ስለዚህ ሁሉን ያደረገው ኢኖኪ ነው አልልም። ግን ባሏን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተቀበለች ሴት «ማን ሄደልሽ?» ብትባል የማንን ስም ትጠራለች?

በዚያ ጉዞ ካርባላ ላይ እስልምናን ተቀብሎ መሐመድ ሁሴን የሚል ስም ተሰጠው። ቡድሃነቱንም አልተወም፤ ሁለቱንም ነኝ ይል ነበር። ይህን ለሃይማኖት መምህራን እተወዋለሁ።

ከዚያ ሰሜን ኮሪያ። መምህሩ ሪኪዶዛን የደበቀው አገር። ኤፕሪል 28 እና 29 ቀን 1995 ፒዮንግያንግ፣ ሜይ ዴይ ስታዲየም፤ አዘጋጆቹ በየቀኑ ከ150,000 በላይ ሰው ገብቷል ይላሉ። አሊ በክብር እንግድነት ተገኘ። በሁለተኛው ቀን ኢኖኪ ከአሜሪካዊው ሪክ ፍሌር ጋር ታገለ። ያ ሕዝብ ሬስሊንግ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «የሪኪዶዛን ተማሪ» ሲባል ግን ያውቀዋል። ኢኖኪ የመምህሩን ስም ሞቶ ሠላሳ ዓመት ሲያልፈው ወደ ትውልድ ምድሩ መለሰው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። እኔ በደርግ ዘመን ያደግሁ ሰው ነኝ። ቀበሌ ስማችንን እየጠራ ለሰልፍ ሲያስወጣን፣ የቀረ ሰው ስሙ ሲመዘገብ አይቻለሁ። ስለዚህ ያን ግጥም ያለ ስታዲየም በፎቶግራፍ ሳይ «ስንቱ ይሆን ወዶ የመጣው?» እላለሁ። ያን አገዛዝ ያስጌጠለት ይመስለኛል። ብዙ ጃፓኖችም በዚህ ተቆጥተውታል፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ወንበሩን አጣ። 2013 ላይ እንደገና ተመረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ምክር ቤቱ ሳይፈቅድለት ፒዮንግያንግ ሄዶ ለ30 ቀን ታገደ። በሕይወቱ ከ30 ጊዜ በላይ ተመላልሷል። የሚመልሰው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ በሩን ከዘጋነው ማን ጋር እንነጋገራለን የሚል። ልክ ነው? እኔ ዛሬም አልወሰንኩም። እናንተ ፍረዱ።

አሁን አደራዬን መልሱልኝ። «በረታችሁ ወይ» ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ኢኖኪ ሕዝብ ፊት በቆመ ቁጥር፣ ቀይ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ የሚጮኸው ሰላምታ አለው፤ «ጌንኪ ዴስ ካ!» ጌንኪ ማለት ጤና ነው፣ ብርታት ነው፣ ወኔም ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልሱት ሰዎች ይቸገሩበታል። በአማርኛ ግን ቁልጭ ያለ ነው፤ በረታችሁ ወይ? እናቶቻችን በየማለዳው በአጥር ላይ የሚለዋወጡት ቃል ነው። ቀጥሎ ክንዱን ያነሣል፤ «ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን፣ ዳ!»፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ጡጫውን ወደ ሰማይ። ሰዎች ደግሞ በጥፊ እንዲመታቸው ይሰለፉ ነበር። በጥፊ! የጀመረው አንድ ተማሪ ሆዱን በቡጢ ሲመታው ሳያስበው መልሶ በጥፊ ባጮለው ጊዜ ነው፤ ተማሪው አጎንብሶ አመሰገነው። ከዚያ ወዲህ ለፈተና የሚቀመጥ፣ ሥራ የሚጀምር፣ የሚያገባ ሁሉ ወኔ እንዲገባለት ጉንጩን ይሰጠው ጀመር።

በመጨረሻ ልብን የሚያደነድን አሚሎይዶሲስ የሚባል ብርቅ በሽታ ያዘው። ያ ግዙፍ አካል ከሳ፤ ጉንጩ ገባ፤ አገጩ ብቻ ቀረ። ሌላ ጀግና ቢሆን በሩን ዘግቶ ይሞት ነበር። እሱ ግን ካሜራ አስገባ። ከሆስፒታል አልጋው ላይ፣ ቱቦ ተሰክቶበት፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ቪዲዮ ይለቅ ነበር። ቪዲዮዎቹን አይቻቸዋለሁ። በጀርባው ተንጋልሎ ነው። ያው ፎቶግራፉ።

ኦክቶበር 1 ቀን 2022 በ79 ዓመቱ አረፈ።

ዜናውን የሰማሁት በሥራ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰኞ ጠዋት አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ መኪናቸውን አመጡ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ቁልፍ ሲሰጡኝ፣ ቲኬት ስሰጣቸው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሲሄዱ ኖረዋል፤ ከ«ጉድ ሞርኒንግ» በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ቁልፉን ሲዘረጉልኝ «ኢኖኪ» አልኳቸው። ሌላ ምን እንደምል አላወቅሁም። እጃቸው በአየር ላይ ቆመ። ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ በዚያ የምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ በመኪኖቹ መካከል፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ድረስ «ጌንኪ ዴስ ካ!» አሉኝ።

እኔም በአማርኛ «በርትቻለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው።

ቁልፉን ሰጡኝ። ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ አሳንሰሩ ሄዱ፤ ቲኬታቸውን እንኳ ሳይቀበሉ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ካሉት ልጆች እንጀምር።